የውሾቹ ጣሳ

ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያወርደው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የብርና የእንጨት መስቀል፣ ነጠላ፣ ከቀይ ድንጋይ የተፈለፈሉ ማስታወሻዎች እሸጣለሁ። እንግዳ እንደ ልብ ይመጣ በነበረበት ጊዜ የውሾች ነገር አሳስቦኝ አያውቅም። በየሆቴሉ ጓሮ ትራፊ በልተው ያድሩ ነበር፤ ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው ጉዳይም አልነበረም። በኋላ ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ሆቴሎቹም በየተራ በራቸውን ዘጉ። ኩሽናው ሲዘጋ ውሾቹ መንገድ ላይ ወጡ። ከመኪና ጋር መኖር አያውቁበትም ነበር።

አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ አንዲት ቡናማ ውሻ ደጃፌ ላይ ተኝታ አገኘሁ። ድንጋይ የጫነ መኪና የኋላ እግሯን ጨፍልቆት ኖሯል፤ ከአስፋልቱ እስከ ሱቄ በር ድረስ ደሟ መስመር ሠርቷል። ሱቁን ለመክፈት እሷ መነሣት ነበረባት፤ እሷ ደግሞ መነሣት አትችልም። በኋላ ብዙ ሰው ስለ ርኅራኄዬ ጽፎልኛል። የነገሩ መነሻ ግን ርኅራኄ አልነበረም፤ የሱቄን በር መክፈት ነበር።

የወረዳውን የእንስሳት ክሊኒክ ባለሙያ አስጠራሁ። ቀኑን ሙሉ ከበሬና ከበቅሎ ጋር ሲታገል የሚውል፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አያትና እግሯ ካልተቆረጠ እንደማትተርፍ ነገረኝ። ማደንዘዣውና መድኃኒቱ ክሊኒኩ ውስጥ እንደሌለ፣ ከደሴ መምጣት እንዳለበትም ጨመረ። ከዚያ ቁስሉን ሊያጥብ ውኃ በጆግ ይዞ ተጠጋ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ነበር።

"ልጠባት ወይስ ልቆይ?" አለኝ።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት።

ደሙ በደንብ የሚታይበት ፎቶ እስካገኝ ድረስ ጆጉን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀኝ። ውሻዋ በዚያን ሰዓት ዐይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ያን ፎቶ በስልኬ ለማውቀው ሰው ሁሉ ለቀቅሁት፤ አዲስ አበባ ላሉት በአማርኛ፣ ድሮ ዕቃ ለገዙኝ የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ በምችላት እንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። ሰው ይህን ያህል ይሰጣል ብዬ አልጠበቅሁም። መድኃኒቱ መጣ፤ ባለሙያው በክሊኒኩ በረንዳ ላይ እግሯን ቆርጦ ሰፋላት። ዳነች። በሦስት እግር መሮጥ ስትጀምር ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁ፤ እንደገና ገንዘብ መጣ።

እንዲህ ተጀመረና ሌሎቹ ተከተሉ። ቆዳቸው በእከክ አልቆ የተላጡ ነበሩ። ዐይኑ በድንጋይ የፈሰሰ ነበር። አንዱ ደግሞ ቡችላ ሳለ አንገቱ ላይ የታሰረለት ሽቦ ሲያድግ ሥጋው ውስጥ ጠልቆ፣ ጠረኑ ከሩቅ የሚጣራ ሆኖ አገኘሁት። የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑን ሰንጥቄ በሱቄ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥሁ፤ ወረቀት ለጥፌ "ለታመሙና ለተጎዱ ውሾች ሕክምና" ብዬ ጻፍሁበት።

ጎረቤቶቼ አልወደዱትም። ሰው በችግር በሚቆራመድበት አገር ለውሻ ገንዘብ መሰብሰብ ጥጋብ ነው ይሉ ነበር፤ አንዳንዱ በሐሜት፣ አንዳንዱ ፊት ለፊት። እኔ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሰው ሲያመው ይናገራል፣ ዘመድ አለው፣ ሄዶ ይለምናል፤ ውሻ ግን የት እንደሚያመው እንኳ መናገር አይችልም፣ ስለዚህ አንድ ሰው ሊናገርለት ይገባል እላቸው ነበር። መልሴን እወደው ነበር። ስናገረው ድምፄ ይለወጥ ነበር። ሰዎቹ ዝም ሲሉ ደግሞ ያሸነፍኩ ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው፣ በዐቢይ ጾም፣ በገበያ ቀን፣ በቅዳሜ። የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ብልባላ አካባቢ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ። ትምህርቴን እንዳላቋርጥ በየዓመቱ በአህያ ገብስ ጭነው የሚልኩልን እሳቸው ነበሩ። ይህን ውለታ አንድ ቀን እንኳ ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም።

እኔ በዚያን ሰዓት ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ሴት ገንዘብ ልካ ስለነበር ምስጋና እየጻፍኩላት ነበር። ቀና ስል አክስቴ በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው መቃኑን ይዟል፤ እግራቸው ደፉን ፈለገ፣ አንዴ ሳተው፣ ከዚያ አገኘው። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። አይቼ መንገዱ ያደከማቸው መሰለኝ። በመንገድ ማዶ የሚያልፍ ውሻ ቢያነክስ ከዚህ ሆኜ የትኛው እግሩ እንደሆነ የምለይ ሰው ነኝ።

ተሳሳምን፤ በርጩማ ሰጠኋቸው። በጨርቅ የጠቀለሉትን አንድ ዕቃ አወጡና ባንኮኒው ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ከጣሳው ጋር ተጋጨባቸው። ነጭ ማር ነበር። አክስቴ ያለ ጉዳይ ማር ይዘው የሚወጡ ሰው አይደሉም፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ብቻ በዚያ ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ለሌላ ሰው ቦታ አልነበረም።

"ይህ ጣሳ የምንድን ነው?" አሉኝ።

መናገር ጀመርሁ። ስለ ቡናማዋ ውሻ፣ ስለ ሽቦው፣ መድኃኒት ከደሴ እንዴት እንደሚመጣ፣ ስለ ጎረቤቶቼ አሉባልታ፣ ስለ መልሴም ሳይቀር ነገርኳቸው። ሰው ሲያመው ይናገራል የሚለውን ለእሳቸውም አልኩት። ስልኬን ሰጥቼ ፎቶ አሳየኋቸው። ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ ጎን አዘነበሉት።

"ታምራለች" አሉ።

ያሳየኋቸው የተቆረጠውን እግር ቁስል ነበር። ሳቅሁና ስልኬን ተቀበልኋቸው። አክስቴ የገጠር ሰው ናቸው፣ ስልክ ላይ ፎቶ ማየት አልለመዱም ብዬ አለፍሁት።

አንዷን ውሻ ማሳከም ስንት እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው የታጠፈች ብር አወጡ፤ የጣሳውን ስንጥቅ በጣታቸው ዳብሰው አገኙና ከተቷት። ሐሳቤ የት እንደነበር አላውቅም፣ ደስታ ልቤን ሞልቶት ብድግ ብዬ ያን እጅ ፎቶ አነሣሁት፤ የተሰነጣጠቀ፣ ጅማቱ የወጣ የገበሬ እጅ፣ በጣሳው ላይ።

"ለገበያ ነው የመጡት?" ብዬ ጠየቅኋቸው ሊሄዱ ሲሉ።

"አዎ፣ ለገበያ" አሉኝ።

መልሱን ራሴ ነበርሁ ያቀበልኳቸው። እስከ ጥግ ድረስ ሸኘኋቸው፤ ክንዴን አጥብቀው ይዘውኝ ነበር፣ ናፍቄያቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ተመልሼ ያን ፎቶ ለቀቅሁት። ከሥሩ "የገጠር እናት ሳይቀሩ ከሌላቸው ላይ እየሰጡ ነው፣ እናንተስ?" ብዬ ጻፍሁበት። እስከዚያ ቀን ከለቀቅሁት ሁሉ የበለጠ ገንዘብ ያመጣው ያ ፎቶ ነው። ሽቦው ከውሻው አንገት የወጣው በእሱ ነው።

ጾሙ ተፈታ፤ ፋሲካም አለፈ። በመካከሉ መንገድ ተዘግቶ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ፣ እኛ እንደለመድነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል የአክስቴ ምራት ለገበያ መጥታ ሱቄ ጎራ አለች። ድሮ የምትስቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነበር። ቁጭ በይ ብላት እቸኩላለሁ አለችኝ፤ ግን አልሄደችም።

"እንግዲህ ፋሲካም አለፈ" አለች በመጨረሻ።

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም፤ ጠየቅኋት።

"ከፋሲካ በኋላ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ ብለሽ የለም? እኛማ ዐይናቸው እየባሰ ሲሄድ ከብት ሸጠን እንውሰድዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። ልጄ ቃል ገብታልኛለች፣ መንገድ ተዘግቶባት ነው እያሉ እስካሁን ይጠብቁሻል።"

ምን እንደተሰማኝ ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። መጀመሪያ የታየኝ ጣታቸው ነው፣ የጣሳውን ስንጥቅ ሲዳብስ። ከዚያ ደፉን የሳተው እግር። ከዚያ "ታምራለች" ያሉት። አንዱ ከአንዱ ኋላ እየተከተለ መጣብኝ። ምራታቸው መልስ ትጠብቃለች። እኔ እንዲህ ያለ ቃል አልገባሁም፣ አልነገሩኝም ብዬ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን እሱን ብል አክስቴን በቤታቸው ውሸታም ላደርጋቸው ነው። ያም ብቻ አይደለም፤ እውነቱ ከውሸቱ የባሰ ያሳፍረኝ ነበር።

"አዎ፣ መንገዱ ነው" አልኳት።

አክስቴ እኔን ለማዳን የጀመሩትን ውሸት እኔ ጨረስኩት። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ብልባላ ወጣሁ።

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅሙ ነበር። ጣታቸው በሰፌዱ ላይ እየሄደ ድንጋዩን ለይቶ ያወጣል፤ ፊታቸው ግን ወደ ማዶው ተራራ ዞሯል። በድምፄ ነው የለዩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥሁና ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። ጥያቄዬ ወቀሳ ይመስል እንደነበር ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"ልነግርሽ ነበር እኮ የመጣሁት" አሉኝ።

"ታዲያ?"

"ገንዘቡ የውሾቹ ነው አልሽኝ። ለአንድ ነገር የተለየ ገንዘብ ስለት ማለት ነው። ከስለት ላይ እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? ብጠይቅሽ ትሰጪኛለሽ፤ በኋላ ለሰጡሽ ሰዎች ምን ትያቸዋለሽ?"

"የራሴ ገንዘብ ነበረኝ፣ አክስቴ።"

ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱት። "እሱን አላወቅሁም። ስለራስሽ ገንዘብ አላወራሽኝም፤ ስለ ውሾቹ ነው ያወራሽኝ" አሉ።

በቁጣ አልነበረም ያሉት፤ የሆነውን እንደሆነ ነው የተናገሩት። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እንኳ አልነበረም። የመኪና፣ የማደሪያ፣ የመድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አብሯቸው የሚሄድ ሰው። እኔ የምችለውን ነበር የፈለጉት። እህል ቢቸግራቸው፣ ቤት ቢፈርስባቸው፣ አልችልም ብዬ እጽናና ይሆናል። በዚህ ግን መጽናኛ የለኝም።

መንገዱ ሲከፈት ደሴ ወሰድኋቸው። መኪናው ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጥኋቸውና ወዲያው ለምን በመስኮት በኩል እንዳልሁ ራሴን ጠየቅሁ። የዐይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት መረመረቻቸው። ግራ ዐይናቸው ብርሃንም እንደማይለይ፣ ቀኙ ደግሞ ከመሐሉ በቀር ዳር ዳሩ እንደጠፋ ነገረችን። በዐይን ውስጥ ግፊት ሲበዛ የሚመጣ በሽታ ነው አለች፤ ቀስ እያለ የሚሰርቅ።

"የጠፋውን አንመልሰውም፣ እማማ። የቀረውን ግን በጠብታ እናቆየዋለን" አለቻቸው።

"የቀረው ይበቃኛል" አሉ አክስቴ።

እሳቸውን ውጭ አስቀምጬ ተመልሼ ገባሁ። በጾሙ ጊዜ አምጥቻቸው ቢሆን ልዩነት ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ወረቀቷን እየጻፈች፣ ግራው ያኔም ሳይጠፋ እንደማይቀር ነገረችኝ፤ ስለ ቀኙ ስትደርስ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም። ካሁኑ የተሻለ ይተርፍ ነበር ይሆናል" አለች።

አዎ ብትለኝ ወይም የለም ብትለኝ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር። ይሆናል ግን ቀንም ሌሊትም አብሮኝ የሚኖር ቃል ሆነ።

ከደሴ ከመመለሳችን በፊት ባረፍንበት ክፍል የፎቶውን ነገር ነገርኳቸው። እጃቸውን እንዳነሣሁት፣ ለሰው ሁሉ እንዳሳየሁት፣ ከሥሩ የጻፍሁትንም። ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። ምን ያህል ገንዘብ እንዳመጣ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው እጃቸውን አንስተው በቀረችው ዐይናቸው አገላብጠው ተመለከቱት።

"ይህን ያህል ካወጣ ደግመሽ አንሺው" ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልሁም። እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ፎቶውን አጠፋሁት። ገንዘቡን ግን ማጥፋት አይቻልም፤ ለውሻው ሕክምና ተከፍሏል። ያ ባለ ሽቦ ውሻ ዛሬም በሕይወት አለ፣ አንገቱ ላይ ጠጉር የማይበቅልበት ቀለበት ቀርቶለት። በመንገድ ሳገኘው ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቴ ደግሞ ወዲያው ይቆረቁረኛል። እሱ ምንም አላጠፋም። የእሱ መዳንና የአክስቴ ዐይን በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ እንዳልሆኑም አውቃለሁ፤ አንዱ በሌላው አልተከፈለም። ልቤ ግን ይህን አይሰማኝም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ሳታውቂ የሆነ ነገር ነው፣ አክስትሽን ጡሪ፣ ውሾቹንም አትተዪ አሉኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላዘዙኝም። ስግደት ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር። የራሴን ቅጣት ፈልጌ በአንድ እሑድ አሸተን ማርያም ድረስ በእግሬ ወጣሁ። አቀበቱ ላይ ትንፋሼ እየተቆረጠ፣ አሁን ይቀለኝ ይሆናል እያልሁ ነበር የምወጣው። ሳልበላ ወጥቼ ሳልበላ ወረድሁ። ጉልበቴ ከመዛሉ በቀር የተለወጠ ነገር የለም።

አክስቴ አሁን ከእኔ ጋር ናቸው። ጠብታው ብልባላ ስለማይገኝ ነው ብለን ለቤተሰቡ ነገርን፤ ለእኔ ግን ከጠብታው በላይ ነው። ጠዋትና ማታ ራሳቸውን ቀና ያደርጉልኛል፤ እኔም የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጌ እጨምርላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ስላልለመደ ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ይፈስ ነበር። መድኃኒቱን ለጉንጬ ነው ወይ ያዘዘችልኝ ይሉኝ ነበር። ቀን ቀን ሱቄ ውስጥ ይቀመጣሉ። ውሾች በሩ ላይ ሲከማቹ በምርኩዛቸው ያባርሯቸዋል፤ ከድሮም ውሻ ቤት ሲገባ አይወዱም። በእኔ ሥራ ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግረው አያውቁም።

ጣሳውን ከባንኮኒዬ አንስቼ ለእንስሳት ክሊኒኩ ባለሙያ ሰጠሁት። ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ ሱቁ ጠበበኝ አልሁት። እሱ ብዙ አይጠይቅም። አሁንም የታመመ ውሻ ሲገኝ ይደውልልኛል፤ አሁንም ለሰዎች እጽፋለሁ፣ ገንዘብም ይመጣል። ቁስሉ ሳይታጠብ ግን ፎቶ አላነሣም፤ ስለዚህ የሚመጣው ድሮ ከሚመጣው ያነሰ ነው። ጎረቤቶቼ ለውሻ ብለው ሲጀምሩኝ ደግሞ መልስ መስጠት ትቻለሁ። አንዳንዶቹ ዝምታዬ ገርሟቸው ራሳቸው ሳንቲም ሰጥተውኛል።

አንድ መጥፎ ልማድ ብቻ ያዘኝ። ሱቄ ገብቶ ትንሽ የቆየን ሰው ሁሉ ጉዳዩን ካልጠየቅሁ አይሆንልኝም። ባለፈው ሰሞን አንዲት የማላውቃት ሴት ገብታ ነጠላዎቹን እየነካካች ቆየች፤ አትገዛም፣ አትወጣም። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ምንም አለች። ቁጭ በይ አልኳት፣ ውኃ ሰጠኋት፣ አሞሽ ነው ወይ፣ ቤት ሰላም ነው ወይ፣ የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ፣ አትፈሪ አልኳት። ሴትዮዋ ብርጭቆውን እንደያዘች ግራ ገብቷት ወደ አክስቴ ዞረች።

"ኧረ እማማ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ብዬ ነው የገባሁት" አለች።

"ተያት አንች ልጅ፣ ሰው አታስጨንቂ" አሉኝ አክስቴ።

ተውኳት። ስትወጣ ግን በሩ ድረስ ሄጄ አረማመዷን እስከ ጥጉ ድረስ ተከታትዬ አየሁ። ደህና ነበረች። ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው።